ዋስ የሌለው ቃል

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙ በማይርቅ መንገድ ዳር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ክስ በመጻፍ የምተዳደር ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በታይፕና በካርቦን ወረቀት ነበር፤ ቀጥሎ ኮምፒውተር መጣ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የሰውን ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ፣ የተጻፈውንም አስተካክሎ የአቤቱታ መልክ የሚያስይዝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጭኜ ስሠራበት ቆይቻለሁ። በባለጉዳዩና በመሣሪያው መካከል ቁጭ ብዬ ያየሁት ነገር በሚመጡት ዓመታት በየቤቱና በየቢሮው የሚገጥም ስለሚመስለኝ ልጽፈው ወደድኩ።

በኅዳር ወር ከባሶና ወራና ወረዳ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሚያርስላቸው ልጅ በአጠገባቸው ስላልነበረ ሁለት ጥማድ መሬታቸውን ለጎረቤታቸው ለእኩል ሰጥተው ኖረዋል፤ ዘንድሮ ግን ሰውዬው ምርቱን አላካፍልም፣ መሬቱንም አለቅም ብሏቸዋል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እንዲናገሩ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም በዝግታ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተናገሩ። መሣሪያው ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ አወጣ። አማርኛው የተስተካከለ፣ አንቀጹ የተከፋፈለ፣ የዳኝነት ጥያቄው በተራ ቁጥር የተቀመጠ ነበር። እኔ ብጽፈው አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ የነበረ ሥራ ነው።

ከድሮ ጀምሮ አንድ ልማድ አለኝ፤ የጻፍኩትን ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። ያን ዕለትም ማንበብ ጀመርኩና «መሬቴን ከተከሳሽ ጋር እኩል ተካፍዬ የሰጠሁት ሲሆን» ከሚለው ስደርስ እናትየው እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«ኧረ እኔ ከማንም ጋር አልተካፈልኩም ልጄ። ለእኩል ነው ያልኩህ።»

ገጠር ያደገ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። መሬትን ለእኩል መስጠት ማለት መሬቱ የባለቤቱ እንደሆነ ቀርቶ፣ አራሹ በጉልበቱና በበሬው አርሶ ምርቱን ለሁለት ይካፈሉ ማለት ነው። «እኩል ተካፍዬ ሰጠሁ» ማለት ግን የመሬቱን ግማሽ ለቅቄያለሁ ማለት ነው። አንዲት «ለ» ወድቃ ሌላ ቃል ሲገባ የአንድ ቤተሰብ ርስት ተከፈለ። ከዚህ በላይ ያስደነገጠኝ ደግሞ ከገጹ ግርጌ ያለው ማረጋገጫ ነው። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አቅራቢው አረጋግጦ ይፈርምበታል። መሣሪያው ጻፈ፣ እኔ አተምኩ፤ እውነት ነው ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የሚያትሙት ግን ማንበብ የማይችሉት እናት ናቸው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ጠየቅሁ፤ አነበብኩም። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከዚህ በፊት ከተጻፈ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ቃል ከቃል ጋር እንዴት እንደሚከተል ተምረው፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን በመገመት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ክምር ነው፤ በአማርኛ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ዜናና የመንግሥት ጽሑፍን የመሰለ ነው። የገበሬ ውል፣ የሽማግሌ ንግግር፣ የእድርና የእቁብ ክርክር በጽሑፍ እምብዛም አልገባም። ስለዚህ «ለእኩል» የሚለው ቃል ሲነገረው መሣሪያው በብዛት ወደሚያውቀው ወደ «እኩል መካፈል» አዘነበለ። ፊደላችንም ራሱ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በ1 ባይት (ባይት የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ ነው) ሲቀመጥ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የአማርኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ በጣም እየቆራረጡ ስለሚያነቡት፣ ያው ሐሳብ በእኛ ቋንቋ ሲሆን ብዙ ስሌትና ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

መጥበቅና መላላትም አለ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ያለበትን ቤት ሲያመለክቱ «ልጁ እዚያ ቤት ይመታል» ብለው ነበር። በጆሮ ሲሰማ ምንም አያሻማም፤ «መ» እና «ታ» ጠብቀው ስለተነገሩ ልጁ ተመቺ ነው፤ መቺዎቹ ሌሎች ናቸው። በጽሑፍ ግን ላልቶም ጠብቆም ያው «ይመታል» ነው። ያንኑ ጽሑፍ መሣሪያው እንዲያሳጥረው ሳዘው፣ ልጁን ሰው የሚመታ አስቸጋሪ ልጅ አድርጎ አቀረበው። ተበዳዩ በዳይ ሆነ። ሰዓትም ቢሆን፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ባለጉዳይ «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፣ አስታውሰኝ» ብሎ ለስልኩ ቢነግረው፣ ስልኩ የያዘለት በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት ነበር፤ ያም በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጎረቤቱ በጠዋት ባያስታውሰው ኖሮ መዝገቡ ይዘጋበት ነበር።

እነዚህ ስሕተቶች ጊዜና ገንዘብ ሲወጣባቸው እየቀነሱ ይሄዳሉ ብዬ አምናለሁ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሣሪያው ሲሳሳት የሚያሳየው ጠባይ ነው። አንድ ቀን በብድር ጉዳይ ላይ ክስ እንዲያዘጋጅ ባዘው «በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3521 መሠረት» የሚል ሐረግ አስገባ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3367 ያበቃል፤ 3521 የሚባል አንቀጽ የለውም። «ይህ አንቀጽ እርግጠኛ ነህ አለ?» ብዬ ጻፍኩለት። «አዎ፣ አንቀጽ 3521 ስለ ብድር ውል በግልጽ ይደነግጋል» ብሎ የድንጋጌውን ቃል ሳይቀር ዘርዝሮ መለሰልኝ። «ሕጉ በ3367 ያበቃል» ስለው ወዲያው «ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት» አለና ሌላ አንቀጽ ሰጠኝ፤ ያም ስለ ብድር የማይናገር ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ጊዜ ሆን ብዬ የተሳሳተ ነገር ነገርኩት፤ በዚያም ተስማማ። አጥብቆ የተናገረውን ያለ አንዳች ሐፍረት ይተወዋል፤ የተወውንም ያለ አንዳች ጥርጣሬ በሌላ ይተካዋል።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መሣሪያ የፈጠራቸውንና በእውነተኛው ዓለም የሌሉ 6 የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው ክርክር ያቀረቡ ጠበቆችን 5,000 ዶላር ቀጥቷል። አንደኛው ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነተኛ ስለመሆናቸው የጠየቀው ያንኑ የፈጠራቸውን መሣሪያ ነበር። የተማሩ፣ ፈቃድ ያላቸው፣ መጻሕፍት በእጃቸው ያሉ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በስልኩ መስኮት የሚመጣለትን አማርኛ ሲያይ «ይህን ያህል አሳምሮ የሚጽፍ ነገር እንዴት ይሳሳታል» የሚል የገጠር ወጣት ምን ያድርግ?

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ያበጁት ሥርዓት ነበራቸው። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሁለቱ ወገኖች ዳኛ ፊት ቆመው በሚጠያየቁበት ጊዜ፣ ቃል ብቻውን አይቆምም ነበር። ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል፤ በነገሩ ከተረታ የሚከፍለውን ውርርድ፣ በማርም ይሁን በበቅሎ ወይም በፈረስ፣ አስቀድሞ ይናገራል። ያልተጠየቀበት ቃል፣ ዋስ ያልቆመለት ቃል፣ ወሬ ነው። መሣሪያው እንደ ተሟጋች አጥብቆ ይናገራል፤ ግን የሚያስይዘው የለውም። ሲረታ የሚያጣው የለም። ውርርዱ የሚወድቀው አውራ ጣታቸውን ባተሙት እናት ላይ ነው። እኔ እንደማየው የሰውና የመሣሪያ ግንኙነት ትልቁ የወደፊት ችግር ይህ ነው፤ የሚናገረውና የሚጠየቀው ተለያይተዋል፤ ንግግሩ እያማረ በሄደ ቁጥርም ልዩነቱ ከዓይን ይሰወራል።

ሰው ደግሞ ለሚያናግረው ነገር ልቡን ለመስጠት ይፈጥናል። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሳይንቲስት፣ የሰውን ቃል እየገለበጠ በጥያቄ መልክ ከመመለስ በቀር ምንም የማያውቅ ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሟን ሲሠራ ስታይ የኖረችው የገዛ ጸሐፊው፣ ጥቂት ካናገረቻት በኋላ ብቻዋን እንድትሆን ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። ሰውዬው በዚህ እጅግ ደንግጦ ቀሪ ዘመኑን ስለ ኮምፒውተር ገደብ በማስጠንቀቅ አሳለፈ። ያ የሆነው ዛሬ ካለው ጋር ሲነጻጸር መጫወቻ በምትመስል ፕሮግራም ነው። እኔ ዘንድ አንዲት እማሆይ ስልኩ በድምፅ ሲመልስላቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያሉ አጎንብሰው ሲያመሰግኑት አይቻለሁ። መሣሪያው ግን እርሳቸውን «ምን ልርዳህ» ነበር ያላቸው፤ ሴትነታቸውንም፣ ዕድሜያቸውንም፣ ቆባቸውንም አላወቀም። አማርኛ አንድን ሰው አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይሉ ማናገር የሚያስቸግርበት ቋንቋ ነው። የምናናግረውን ሰው ማን እንደሆነ ሳናውቅ አንናገርም፤ ለዚህም ነው አገሩን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሰነበተ አስቀድመን የምንጠይቀው። በሰላምታው ውስጥ ብዙ ሥራ አለ። ባለጉዳይ ሲገባ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ የምናወራው ጊዜ ለማባከን አይደለም፤ ያመጣው ወረቀት ላይ ያለው ነገርና ያስመጣው ነገር አንድ መሆኑን የማውቀው በዚያ ነው። ስለ ድንበር ሊከስ የመጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ ሲጨርስ ጉዳዩ ከወንድሙ ጋር የመታረቅ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። መሣሪያው የጠየቁትን ይሰጣል፤ ያልጠየቁትን አይጠይቅም። «ክስ ጻፍልኝ» ካሉት ክስ ይጽፋል።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ፤ ጎበዝና ታታሪ ልጅ ነው። መሣሪያው ከመጣ ወዲህ ግን ባለጉዳዩን ቀና ብሎ ማየት ትቶ ነበር። ስልኩን ያቀርባል፣ የወጣውን ያትማል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ፋብሪካና ስለ አውሮፕላን መቆጣጠሪያዎች ስትጽፍ ያሳየችው ነገር ይኸው ነበር። ቀላሉን ሥራ ሁሉ ለመሣሪያ በሰጠን መጠን፣ ለሰው የሚቀረው መሣሪያው የማይችለው ከባዱ ብቻ ነው፤ ከባዱን የሚያሠራው ልምድ ግን የሚገኘው ቀላሉን ደጋግሞ በመሥራት ነው። ይህ ልጅ መቶ ተራ ማመልከቻ በእጁ ሳይጽፍ፣ «ለእኩል» እና «እኩል» መለያየታቸውን በየት በኩል ይማራል? እኔ ያወቅሁት ስሳሳት የተቆጡኝ ባለጉዳዮች አስተምረውኝ ነው።

ነገሩ በእኔ ወገን ብቻም አይቀርም። ማመልከቻው የሚደርሳቸው ቢሮዎችም ነገ ተመሳሳይ መሣሪያ ይኖራቸዋል። አንዱ መሣሪያ የእናትየውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ወደ አንድ ገጽ ተኩል ያረዝመዋል፤ ሌላው መሣሪያ ያንን መልሶ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያሳጥረዋል። በመካከሉ የእናትየውን የራሳቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው አይኖርም። በአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ ሰው ከመሣሪያ ጋር ሲነጋገር ከመሣሪያ ጋር መሆኑ እንዲነገረው ያስገድዳል፤ ግዴታዎቹ በየደረጃው ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል። ይህ ለእኔ ሥራ ቅርብ ጉዳይ ነው፤ ባለጉዳይ ለእኔ የሚነግረኝ ለጎረቤቱ የማይነግረውን ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲሰማ ግን ያ ምስጢር ባሕር ተሻግሮ የማላውቀው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስምና ቀበሌ አላስገባም፤ የፍቺና የልጅ ጉዳይ ሲሆንም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ።

ድምፅም ከእንግዲህ እንደ ድሮው መታወቂያ አይሆንም። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ያያቸውን አለቆቹን አምኖ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፏል፤ አለቆቹ ግን በመሣሪያ የተሠሩ ምስልና ድምፅ ነበሩ። ልጃቸው አረብ አገር ያለች፣ ድምፅዋን በስልክ ብቻ የሚሰሙ ብዙ ወላጆች በእኛ አካባቢ አሉ። ለሚያውቁኝ ሁሉ በቤተሰባቸው መካከል ብቻ የሚታወቅ አንድ ጥያቄ እንዲያበጁ እነግራቸዋለሁ፤ የበሬው ስም፣ የወንዙ ማዶ ዛፍ፣ ማንም ያልጻፈው ነገር።

ይህን ሁሉ ብዬም መሣሪያውን አልጣልኩትም። ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ የደብረ ሲና ሰው ከወንድማቸው የመጣ ደብዳቤ ይዘው መጥተው ነበር፤ እኔ እንዳነብላቸው አልፈለጉም። ስልኩ በጆሯቸው እንዲያነብላቸው አደረግሁና ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ስመለስ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር፣ ዕድሜ ልካቸውን በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት የኖሩትን የገዛ ጉዳያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የሰሙ ሰው ፊት ነበር። ይህን የሚሰጥ መሣሪያ ክብር ይገባዋል።

ስለዚህ ከሚሠሩት ሰዎች የምፈልገው ከባድ ነገር አይመስለኝም። የሰማውን ከመጻፉ በፊት «እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብሎ መልሶ በድምፅ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል በሚያውቀው ቃል ከመተካት ይልቅ እንዳለ ይተወውና ይጠይቅ፤ ካላወቀ አላውቅም ይበል። የእኛም ተቋማት የገበሬውን፣ የሸማኔውን፣ የሽማግሌውን አማርኛ በፈቃዳቸው እየቀዱ ለመሣሪያዎቹ መማሪያ ቢያዘጋጁ፣ ከዚህ ዞን ብቻ የሚገኘው የቃል ሀብት ብዙ ስሕተት ያድናል። እኔ በበኩሌ ከወጣቱ ጋር አንድ ነገር ተስማምተናል፤ መሣሪያው የጻፈውን ከማተሙ በፊት ለባለጉዳዩ ሁለት ጊዜ ያነብለታል፤ በሁለተኛው ጊዜ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ይቆምና ፊቱን ያያል።

በጥር ወር እናትየው የተከሳሹን መልስ ይዘው ተመልሰው መጡ። ሦስት ገጽ ነው፤ አማርኛው የተስተካከለ፣ አንቀጹ የተከፋፈለ ነው። «መሬቱን በስምምነት እኩል የተካፈልን በመሆኑ» የሚል በሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እሱ እኮ እንዲህ አይናገርም፤ አብረን ነው ያደግነው። ይህ የተጻፈለት እሱስ ቢሆን ተነብቦለታል?» አሉኝ።

ሰውዬው ይህን ቃል አስቦበት ይጻፈው፣ ወይም እንደኛው ስልክ የገመተለት ይሁን፣ ከወረቀቱ ላይ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ክሱ በሚሰማበት ቀን ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 241 መሠረት ዳኛው ተከራካሪዎቹን በቃል ይጠይቃሉ። ቀጠሮው ለመጋቢት ነው። ቀኑን በእጄ ጽፌ፣ «ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በእኛ» ብዬ ሰጠኋቸው።